ሆፕፉሊ፣ የጋሽ ቱሉ ሱሪ ቅዳሜ ይደርሳል

ባለፈው ማክሰኞ ስልኬ ከእጄ አምልጣ አስፋልት ላይ ወደቀችና መስታወቷ ተሰነጣጠቀ። ፖስታ ቤት አካባቢ ተደርድረው ከሚቀመጡት ስልክ ጠጋኞች ወደ አንዱ ወሰድኳት። ልጁ ከሃያ ሁለት ዓመት አይበልጥም፤ ፀጉሩን ግራና ቀኝ ተላጭቶ መሃሉን አጎፍሮታል፤ አንድ ጆሮው ላይ የሚዘፍንለት ነገር ሰክቷል። ስልኬን ገልበጥ አድርጎ አየና ቀና እንኳ ሳይል፣ «ማዘር፣ ሆፕፉሊ ነገ ትደርሳለች» አለኝ። «ምን አልከኝ?» አልኩት። «ሆፕፉሊ፣ ነገ» አለ፤ እንግሊዝኛ የማታውቅ አሮጊት የገጠመችው መስሎት ድምፁን ከፍ አደረገ። ሳቄ አመለጠኝ። የሻሼን ጫፍ አፌ ላይ ይዤ፣ መንገደኛው እያየኝ፣ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ። ልጁ ስልኬ ብቻ ሳትሆን እኔም የተሰነጠቅኩ ሳይመስለው አልቀረም፣ የሚቀመጥበትን በርጩማ ለቀቀልኝ።

እንዴት ብዬ ላስረዳው? ያቺን ቃል ከእሱ በፊት፣ ከአባቱም በፊት፣ በዚህ ከተማ አደባባይ ላይ አውጥቼ የተናገርኳትና ያሸነፍኩባት እኔ ነኝ። ጉራ ነው ካላችሁም ጉራ ነው። በሌላው ነገር ሁሉ ትሑት ሰው ነኝ፤ ጎረቤቶቼን ጠይቁ። በዚህ ጉዳይ ግን ትሕትና አይገኝብኝም፣ ባይሆን ቁጭ በሉና ልንገራችሁ።

አባቴ ሰይድ ልብስ ሰፊ ነበር። ከወሎ አንድ መቀስና አንድ የጨርቅ ሜትር ብቻ ይዞ መጥቶ ነው እዚህ የቀረው። ያን ጊዜ ከተማችንን ናዝሬት ነበር የምንላት፤ አሁን አዳማ ስትባል የኔ ልጆች ሌላ ስም እንደነበራት እንኳ ግድ የላቸውም። ከገበያው ወደ ባቡር ጣቢያው በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ አባቴ የስፌት መኪናውን በእሳቸው በረንዳ ላይ ተክሎ ይሠራል፣ እኛ ደግሞ ከሱቁ ጀርባ ባለች ሁለት ክፍል ቤት እንኖራለን። በረንዳው ዛሬ የለም። ቦታው ላይ ባለ መስታወት ፎቅ ቆሟል፤ ከታች ጁስ ይሸጥበታል፣ ከላይ ምን እንደሚሠራበት አላውቅም። ባለፍኩ ቁጥር ግን የከሰል ካውያ እርጥብ ጨርቅ ላይ ሲያርፍ የሚወጣው ሽታ ከየት እንደሆነ ሳላውቅ ይመጣብኛል። መንገዱ በጋሪ ደወል ይንጫጫ ነበር። በስሙኒ ከጣቢያው እስከ ፍራንኮ ሰፈር በጋሪ ትሄዳላችሁ፤ ዛሬ ባጃጁ በዚያ ገንዘብ ጥሩምባ እንኳ አይነፋላችሁም። የአዋሽ ብርቱካን በብር እቅፍ ሙሉ ነው። ባቡሩ ከድሬዳዋ ሲገባ ሴቶቹ ቀሚሳቸው ውስጥ የኮንትሮባንድ ጨርቅ ጠምጥመው እርጉዝ መስለው ይወርዱና፣ እኛ ሱቅ ጓሮ ገብተው ቀጭን ሆነው ይወጣሉ። ወንዶቹ መሬት የሚጠርግ ቤልቦተም ለብሰው፣ ታኮው የወፈረ ጫማ ተጫምተው፣ ከሙዚቃ ቤቱ በር ላይ በሚለቀቀው ዘፈን ልክ ይራመዳሉ። በየጊዜው የሚለወጠውን የፖለቲካውን ነገር ልተወው፤ እኔ የማስታውሰው የሱሪ እግር ስፋት ሲለወጥ ነው።

አባቴን ሰው ሁሉ ይወደው ነበር፣ ሰው ሁሉ ይረግመውም ነበር። እምቢ ማለት አልፈጠረበትም። ዒድ ሲደርስ፣ ፋሲካ ሲደርስ፣ ሠርግ ሲበዛ፣ የመጣውን ጨርቅ ሁሉ ይቀበላል። «ጋሽ ሰይድ፣ ለቅዳሜ ይደርሳል?» ሲሉት ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ፣ «ኢንሻአላህ ይደርሳል» ይላል። እሺ ብሎ ማስደሰቱን እንጂ የሚሰፋበትን ሰዓት አያስብም። ቅዳሜ ሲመጣ ጨርቁ ካስቀመጡበት ንቅንቅ አላለም። እዚህ ላይ ነው እኔ የምገባው። ባለ ቀጠሮው ከሩቅ ሲታይ አባቴ አንገቱን ይደፋና መርገጫውን ይረግጣል፤ አንዳንዴ መርፌው ስር ጨርቅ እንኳ ሳይኖር ይረግጣል። መልስ የምሰጠው እኔ ነኝ። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ የአባቴ አፍ ነበርኩ። «ቁልፍ ብቻ ቀርቶታል ኢንሻአላህ።» «ገበር አልቆብን ነው፣ ሰኞ ኢንሻአላህ።» «ዚፑ ከአዲስ አበባ እየመጣ ነው።» «ካውያ ብቻ ነው የቀረው፣ ማታ ብቅ ይበሉ።» ውሸት ይባላል ይሄ? ያኔ እንደዚያ አይመስለኝም ነበር። እኔም የምለውን አምን ነበር።

ከደንበኞቹ ሁሉ የባሰብን ጋሽ ቱሉ ነበር። ባቡር ጣቢያ የሚሠራ፣ ረጅም፣ ሰዓት አክባሪ ሰው ነው። ጧት ወደ ሥራ ሲሄድ በበረንዳው በኩል ስለሚያልፍ በየቀኑ ያገኘናል። «አካም ቡልቴ ዘሐራ?» ይለኛል፤ አዳርሽ እንዴት ነው ማለቱ ነው። ከዚያ ምንም ሳይጨምር በሌባ ጣቱ የእጅ ሰዓቱን ሁለት ጊዜ ይመታል። በቃ፣ ያኔ አፌ በራሱ ይከፈታል። «ጋሽ ቱሉ፣ ሱሪህ ቅዳሜ ይደርሳል፣ ኢንሻአላህ።» እሱም፣ «የኛ ባቡር እንኳ ከናንተ ሱሪ ቀድሞ ይገባል እኮ!» ብሎ እየሳቀ ይሄዳል። ባቡሩ ምን ያህል ይዘገይ እንደነበር የሚያውቅ ሰው ይሄ ስድብ ምን ያህል እንደሚያም ይገባዋል።

ስምንተኛ ክፍል ስደርስ እንግሊዝኛ የሚያስተምሩን ቲቸር ግርማ አንድ ቀን ያቺን ቃል ሰሌዳው ላይ ጻፏት። «ደስ የሚል ነገር ስትጠብቁ፣ ነገሩ ግን በእጃችሁ ካልሆነ፣ ይህቺን ቃል ከዓረፍተ ነገሩ ፊት ታስቀምጧታላችሁ» አሉ። «አሁን እያንዳንዳችሁ አምስት አምስት ሥሩ።» ክፍሉ በሙሉ ስለ ዝናብ ጻፈ። ሆፕፉሊ ነገ ይዘንባል፣ ሆፕፉሊ ከነገ ወዲያ ይዘንባል። የአንድ ልጅ ደብተር ዞሮ ሁላችንም የቀዳነው ከእሱ ነበር፤ እኔም ቀድቻለሁ። ቲቸር ግርማ ደብተሮቹን ሲመልሱ፣ «ይሄ ሁሉ ዝናብ ቢመጣ ናዝሬት በጎርፍ ትሄዳለች» አሉን። ያን ቀን ቃሏ ከኛ በረንዳ ጋር የሚያገናኛት ነገር እንዳለ አልመጣልኝም። እንግሊዝኛ የፈረንጅ ነው፣ በረንዳው የኛ ነው ብዬ ነው የማስበው።

በዚያው ሰሞን አባቴ ሁለተኛ የስፌት መኪና አመጣ። አሮጌ ነበረች፣ ግን ዘይት ጠጥታ ተወልውላ ስትቆም ታምራለች። እናቴ በደስታ እልል አለች። እኔ ግን ከመኪናዋ ፊት ያለውን ወንበር አየሁና ገባኝ። አባቴም አልደበቀኝም። «ዘንድሮ ስምንተኛን ትጨርሻለሽ። ይበቃል። ከኔ ጋር ትሰፊያለሽ» አለኝ፤ ክፋት የለበትም ድምፁ። ሌላ ልጅ አልነበረውም፣ ጨርቁ በየቀኑ ይከመራል፣ ሰው ሁሉ ይቆጣዋል። ቢፈልገኝ አልፈርድበትም። እኔ ግን ዘጠነኛ ክፍል መግባት ከምንም በላይ እፈልግ ነበር። ከትምህርት ቤቱ አጥር በላይ የሚታየኝን ፎቅ፣ ትልልቆቹ ልጆች የሚይዙትን ወፍራም መጽሐፍ፣ ስማቸው ሲጠራ «አቤት» የሚሉበትን አባባል ሳይቀር እፈልገው ነበር።

ለቲቸር ግርማ ነገርኳቸው። በማግስቱ ወደ በረንዳችን መጡ፤ ባዶ እጅ ላለመምጣት የኮት ጨርቅ ይዘው ነበር። ልብስ ሰፊ ዘንድ ወሬ ብቻ ይዞ አይኬድም። አባቴ ወገባቸውንና ትከሻቸውን ሲለካ እሳቸው ጀመሩ።

«ጋሽ ሰይድ፣ ይቺ ልጅ ጭንቅላት አላት።»

«አውቃለሁ» አለ አባቴ ሜትሩን እያነበበ። «ለዚህ እኮ ነው የምፈልጋት።»

«በሰኔ ከዝዋይ ልጆች ጋር የጥያቄና መልስ ውድድር አለን። የኛን ትምህርት ቤት ወክላ የምትቀርበው እሷ ናት። ካሸነፈች ዘጠነኛ ትግባ። ቃል ይግቡልኝ።»

አባቴ ጠመኔውን አነሳና ጨርቁ ላይ ምልክት አደረገ። «ኢንሻአላህ» አለ።

ቲቸር ግርማ ፊታቸው በርቶ ሄዱ። ምስኪን! ኮታቸውንም ቅዳሜ የሚያገኙ መስሏቸው ነበር። እኔ ግን ያን ኢንሻአላህ በደንብ አውቀዋለሁ፤ በየቀኑ የማድለው እኔ ነኝ። የዚያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ብሸነፍ እንደማልማር እርግጥ ነው፤ ባሸንፍስ? የልብስ ሰፊ ቃል ምን እንደሆነ ከልብስ ሰፊ ልጅ በላይ ማን ያውቃል?

ውድድሩ የተደረገው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በትምህርት ቤታችን አዳራሽ ነው። ዛሬ ልጆች ለኳስ የሚሰበሰቡትን ያህል ሕዝብ ያን ጊዜ ለጥያቄና መልስ ይሰበሰብ ነበር። አግዳሚ ወንበሩ ሞልቶ ሰው መስኮት ላይ ተንጠልጥሏል። የሰፈራችን ሰው ሁሉ መጥቷል፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ጋሽ ቱሉ የባቡር ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ዳኛው ከአሰላ የመጡ ሸምገል ያሉ ሰው ነበሩ፣ ጠረጴዛቸው ላይ የእጅ ደወል አለ። ከዝዋይ የመጣው ልጅ ፀጉሩን በውሃ ለጥጦ ያበጠረ፣ ሸሚዙ እስከ አንገቱ የተቆለፈ፣ መልስ ሲሰጥ እጁን ወደ ኋላ የሚያጣምር ጨዋ ልጅ ነው። ጂኦግራፊውን እሱ ወሰደ፣ ሒሳቡን እኔ ወሰድኩ፤ ሲደመር እኩል ለእኩል ሆንን። ዳኛው መለያ ጥያቄ አመጡ፤ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል በዕጣ ይወጣል፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ በዚያ ቃል ብዙ ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ የሠራ ያሸንፋል፣ የተደገመ አይቆጠርም። ከባርኔጣቸው ውስጥ የተጠቀለለ ወረቀት አወጡና አነበቡ። «ሆፕፉሊ!»

ዝዋዬው ቀደመኝ። ሆፕፉሊ ነገ ይዘንባል። ሆፕፉሊ ሰብሉ ያምራል። ሆፕፉሊ ሐይቁ ብዙ ዓሣ ይሰጣል። ሆፕፉሊ ወንድሜ ፈተናውን ያልፋል። አንድም ስህተት የለበትም፣ ድምፁ አይንቀጠቀጥም። ደወሉ ሲደወል አሥራ ሁለት ሠርቶ ነበር። ከዝዋይ የመጡት እንደ ሠርግ ቤት አጨበጨቡ።

የኔ ተራ ሆነ። ቆምኩ። ዝናቡን ወስዶታል፣ ሰብሉን ወስዶታል፣ ከደብተር የቀዳሁት ሁሉ አንድ በአንድ አልቋል።  ዳኛው ሰዓታቸውን ያያሉ። ቲቸር ግርማ ከንፈራቸውን ይነክሳሉ። ቤታችን ያለችው ሁለተኛዋ መኪና፣ ከፊቷ ያለው ወንበር፣ ሁሉም ዓይኔ ላይ መጣ። እንባዬ ሊወርድ ሲል ወደ ሕዝቡ አየሁ፤ ጋሽ ቱሉ ተጨንቆልኝ፣ ጊዜው እየሄደብሽ ነው ሊለኝ፣ በሌባ ጣቱ የእጅ ሰዓቱን ሁለት ጊዜ መታ።

አፌ በራሱ ተከፈተ። «ሆፕፉሊ፣ የጋሽ ቱሉ ሱሪ ቅዳሜ ይደርሳል!» ብዬ በእንግሊዝኛ ጮህኩ።

መጀመሪያ የሳቁት አስተማሪዎቹ ናቸው። እነሱ ለጎናቸው ተረጎሙ፣ ጎናቸው ለኋላው ተረጎመ፣ ሳቁ ከረድፍ ወደ ረድፍ ሄደ። እኔ ግን መቆም አልቻልኩም። የስምንት ዓመት መልስ ነው ከውስጤ የሚወጣው። ሆፕፉሊ፣ የእትዬ በላይነሽ ቀሚስ ሰኞ ካውያ ያገኛል። ሆፕፉሊ፣ የነርሷ ገበር ከአዲስ አበባ ይመጣል። ሆፕፉሊ፣ የጠፋው የፖሊሱ ቁልፍ ይገኛል። ሆፕፉሊ፣ የዳቦ ቤቱ ባለቤት እስኪሰፋላቸው ድረስ አይወፍሩም። ሆፕፉሊ፣ ሙሽራው ከሠርጉ በፊት ኮቱን ይለብሳል! እዚህ ላይ ከመስኮቱ በኩል አንድ ሰው፣ «ሠርጉማ አለፈ እኮ!» ብሎ ጮኸ። ሆፕፉሊ፣ ቲቸር ግርማ ኮታቸውን ዘንድሮ ያገኛሉ። ቲቸር ግርማ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። ደወሉ ሲደወል አሥራ ዘጠኝ ሠርቼ ነበር፣ ትንፋሽ ብቻ ነው ያጠረኝ እንጂ ሰው አላለቀብኝም።

አዳራሹ ሊፈርስ ሆነ። የዝዋዮቹ አስተማሪ ግን ተነሱ። «ክቡር ዳኛ፣ እቃወማለሁ! ይሄ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ስም ብቻ እየቀያየረች ነው። ስሞቹንም ከየት እንዳመጣቻቸው ማን ያውቃል?» አሉ። እውነታቸውን ነው፣ እኔም ብሆን እቃወም ነበር። ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁና ወደኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች በእውነት አሉ?»

እኔ ከመመለሴ በፊት ጋሽ ቱሉ ብድግ አለ። «ቱሉ እኔ ነኝ፣ ጌታዬ! ሱሪዬ ከፋሲካ ጀምሮ እዚያ ነው ያለው!»

«እኔም አለሁ!» አሉ እትዬ በላይነሽ። ነርሷ ተነሳች። ፖሊሱ ተነሳ። ያልጠራኋቸው ሁሉ፣ «እኔንስ ለምን ረሳሽኝ?» እያሉ መነሳት ጀመሩ። ዳኛው አንድ በአንድ ጠየቁ። «የእርስዎ ምን ጎደለው?» «ቁልፍ።» «የእርስዎስ?» «እጅጌ።» «የእርስዎስ?» «ሁሉ ነገር፣ ጌታዬ!» ዳኛው መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «እንግዲህ የእያንዳንዱ ጉዳይ ለየብቻ ነው። ዓረፍተ ነገሩም ለየብቻ ይቆጠራል። የአሰላው ልብስ ሰፊዬም እንዲሁ ስለሆነ ተጨማሪ ምስክር አያሻኝም» አሉና ደወሉን መቱ። አሸነፍኩ! የምለውን ታውቃላችሁ? የልብስ ሰፊ ልጅ፣ ያውም ከቀጠሮ ማራዘሚያ ሌላ ቋንቋ የማታውቅ፣ በእንግሊዝኛ አሸነፈች። ዝዋዬው ልጅ መጥቶ ጨበጠኝና፣ «የኛን ሰፈር ልብስ ሰፊ ባስታውሰው ኖሮ እረታሽ ነበር» አለኝ። አንድ ሰው ደግሞ ከኋላ፣ «ጋሽ ሰይድ እዚህ ነው! በሩን ያዙበት!» ብሎ ጮኸ። ዞር ስል አባቴ ቆቡን እስከ ቅንድቡ ድረስ ስቦ በሩ አጠገብ ቆሟል። መምጣቱን አላወቅኩም ነበር። ደስታዬ በአንዴ ወደ ፍርሃት ተለወጠ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ለካ አባቴን በከተማው ፊት ነው ያቆምኩት።

ወደ ቤት የተመለስነው በጋሪ ነው። ሽልማቴን፣ አንድ ወፍራም መዝገበ ቃላትና አንድ ቀይ ፔርሙስ፣ ጭኔ ላይ አቅፌያለሁ። አባቴ ገበያውን እስክናልፍ ድረስ ቆቡን ከቅንድቡ ላይ አላነሳም።

«ገመናዬን አደባባይ አሰጣሽው» አለ በመጨረሻ።

«አባ፣ የተናገርኩት አንተ ተናገሪ የምትለኝን ነው።»

 ፈረሱ ያዘግማል፣ ደወሉ ይንቃጨላል። አሁን ካልጠየቅኩት መቼም እንደማልጠይቀው ገባኝ። «ዘጠነኛ ክፍልስ፣ አባ?»

«ኢንሻአላህ» አለ።

 ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፣ «አባ፣ ይሄ ለደንበኛ የምትለው ኢንሻአላህ ነው ወይስ የቤት?» አልኩት። ባለጋሪው ሊስቅ ጀመረና ሳል አስመስሎ ዋጠው። አባቴ ቆቡን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ። ሰላት የማያሳልፍ፣ ፈጣሪውን የሚፈራ ሰው ነው። «ያ ረቢ» አለ ቀስ ብሎ፣ ለኔ ሳይሆን ለራሱ። «የጌታዬን ስም ለሱሪ ቀጠሮ ማራዘሚያ አድርጌው ኖሬያለሁ።» 

ክረምቱ ገባ። ከተማው በሙሉ አዲስ ጨዋታ አገኘብን። በረንዳው ፊት የሚያልፍ ሁሉ፣ እንግሊዝኛ የማያውቀው ሳይቀር፣ «ጋሽ ሰይድ፣ ዛሬም ሆፕፉሊ ነው?» ይለዋል። በረንዳችን «ሆፕፉሊ ልብስ ስፌት» ተባለ። አባቴ ይስቃል፣ ግን የሳቁን ልክ አላውቅም። እኔ ሁለተኛዋ መኪና ፊት ተቀመጥኩ። ቅምቅማት ተማርኩ፣ የቁልፍ ቀዳዳ ተማርኩ፣ ኪስ መትከል ተማርኩ። እጄ ሥራውን በለመደ ቁጥር ልቤ ይሰጋል፤ ጎበዝ ልብስ ሰፊ በሆንኩ መጠን ማን ትምህርት ቤት ይልከኛል? አባቴ ስለ ዘጠነኛ ክፍል አንዲት ቃል አላነሳም። እኔም አፍሬ አልጠየቅኩም። ነሐሴ አለቀ፣ ጨርቁ ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል እንደገና ተከመረ። በቃ፣ ቀርቷል ብዬ ቆረጥኩ። መዝገበ ቃላቱን በጨርቅ ጠቅልዬ አልጋዬ ስር አስገባሁት።

በአዲሱ ዓመት በመጀመሪያው ሐሙስ ጧት ከጓሮ ውሃ ቀድቼ ስመለስ ወንበሬ ላይ ልብስ ተሰቅሏል። ጥቁር ሰማያዊ ሽንሽን ጉርድና ነጭ ፖፕሊን ሸሚዝ። የማን እንደሆነ ለመጠየቅ አፌን ስከፍት የአንገቱን ልክ አየሁ፤ የኔ ነው። መቼ እንደለካኝ፣ መቼ እንደቆረጠው፣ ያን ሁሉ የበዓል ጨርቅ ወደ ጎን አድርጎ መቼ እንደሰፋው እስከ ዛሬ አላውቅም። አባቴ አንገቱን አልደፋም፣ መርገጫውንም አልነካም። ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ያየኛል።

«ትምህርት ቤት የሚከፈተው ሰኞ ነው አይደል?» አለኝ።

«አዎ፣ አባ።»

«ዛሬ ሐሙስ ነው» አለ።  ኩራቱን ማየት ነበረባችሁ! በዕድሜው ሙሉ ከቀጠሮው ቀድሞ ያደረሰው ልብስ ያ ብቻ ነው። እናቴ ከጓዳ ወጥታ አየችና እልልታውን አቀለጠችው፤ እኔ ሸሚዙ ላይ ፊቴን ደፍቼ አለቀስኩ፣ አባቴም፣ «እንባ ፖፕሊን ያበላሻል» ብሎ ቀማኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ዘጠነኛ ገባሁ፣ አሥራ ሁለተኛን ጨረስኩ፣ መምህራን ማሠልጠኛ ሄድኩ፣ ተመልሼ በዚሁ ከተማ እንግሊዝኛ ሳስተምር ጡረታ ወጣሁ። በየዓመቱ ያቺን ቃል ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ስለ ዝናብ የሚጽፍ ዜሮ ያገኛል ብዬ አስጠነቅቃለሁ። እናም ልጆቹ እውነታቸውን ይጽፉልኛል። መጀመሪያ ሰሞን ሁሉም ብስክሌትና ሬዲዮ ይጠብቅ ነበር። ከዚያ አንድ ዘመን መጣ፣ ከደብተሮቹ ብዙዎቹ «ሆፕፉሊ፣ ወንድሜ ይመለሳል» ብቻ ይሉ ጀመር፤ እነዚያን ሳርም ቀይ እስክሪብቶ አልጠቀምም ነበር። ከዚያ ወንድሞቹ ተመለሱ፣ ያልተመለሱም አሉ፣ ልጆቹም ስለ ኳስ ጫማ መጻፍ ጀመሩ። የመቂ ልጅ ስለ ቲማቲም ዋጋ፣ የባቱ ልጅ ስለ አበባ እርሻ ሥራ፤ በኋላም ስለ ስልክ፣ ስለ ስልክ፣ ስለ ስልክ። ባቱ ያልኩት ያችው የጥንቷ ዝዋይ ናት። ዛሬ ከከተማው ዳር ኮረብታው ላይ የነፋስ ተሽከርካሪዎቹ ሲዞሩ ሳይ፣ ያ ዓይናችንን አቧራ ሲሞላው የኖረ የናዝሬት ነፋስ ሥራ አገኘ እላለሁ። ቃሏንም ከኔ የተማሩ፣ ከተማሩት የተማሩ፣ ይኸው እንዲህ በየመንገዱ ይናገሯታል፤ ስልክ ጠጋኙም ከነሱ የአንዱ ልጅ ይሆናል። ደስ አይልም? እኔን ደስ ይለኛል።

ግን የዚያን ሰኞ ጧት ሳልነግራችሁ አልለቃችሁም። ልብሴን ለብሼ፣ ፀጉሬን እናቴ ጎንጉናልኝ፣ መዝገበ ቃላቴን ከአልጋ ስር አውጥቼ ታቅፌ ወጣሁ። ከቤታችን ወደ መንገዱ የሚወጣው በበረንዳው በኩል ብቻ ነው። መስቀል እየደረሰ ስለነበር በረንዳው ላይ ከማለዳ ጀምሮ ሰው ቆሟል፤ እትዬ በላይነሽ አሉ፣ ፖሊሱ አለ፣ ጋሽ ቱሉ ወደ ሥራ ሲሄድ ቆም ብሏል። ብቅ አልኩ። ሁሉም ከአንገቴ እስከ እግሬ አየኝ። ስፌቱ ቀጥ ያለ፣ ሽንሽኑ የተተኮሰ፣ አንዲት ቁልፍ ያልጎደለበት።

«ይሄ መቼ ተሰፋ?» አሉ እትዬ በላይነሽ።

«ታዲያ የኔ ሱሪስ?» አለ ጋሽ ቱሉ።

አባቴ እንደ ልማዱ ወደኔ አየ። ሰዉም ሁሉ እንደ ልማዱ ወደኔ ዞረ፣ አፌን እየጠበቀ። እኔ ደረጃውን ወረድኩ።

«አባን ጠይቁት» አልኳቸው። «እኔ ትምህርት ቤት ይረፍድብኛል።»

መንገዱን ሳቋርጥ ከኋላዬ አባቴ ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማሁት። «ቱሉ» አለው፣ «እውነቱን ልንገርህ፤ ጨርቁን ገና አልቆረጥኩትም።» በረንዳው በሳቅ ሲናጋ እኔ የጋሪዎቹን መቆሚያ አልፌ፣ ደብተር ከያዙት ልጆች መሃል ገብቼ ነበር።